የሰኞዋ የመጀመሪያ ኪስ

«እትዬ ኮላ» የሚለውን ስም ያወጡላት የአንደኛ ክፍል ልጆች ናቸው። ይኸው ዘጠኝ ዓመት ሆነው። ያን ጊዜ በትምህርት ቤቱ ላይብረሪ ጥግ ላይ ሦስት መቶ የሚያህሉ የተገነጣጠሉ መጻሕፍት ተቆልለው ነበርና እነሱን እንድትጠግን ለሁለት ወር ብቻ ተቀጠረች። ከዚያ በፊት ማተሚያ ቤት ነበረች፤ ጥራዝ ክፍል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ወረቀት ስታጥፍ፣ በወስፌ ስትበሳ፣ በክር ስትሰፋ፣ የመጽሐፍ ጀርባ ጨርቅ ስታለብስ ኖራለች። ማተሚያ ቤቱ ይህን ሁሉ ባንድ ትንፋሽ የሚሠራ ማሽን ሲያስገባ እሷና ጓደኞቿ ምስጋና ተነግሯቸው ተሸኙ።

እዚህ መጥታ መስኮት ሥር ተቀምጣ ስትለጥፍ ልጆቹ በመስታወቱ ያይዋታል። ጣቶቿ እርስ በርስ ሲጣበቁባት በሳቅ ይፈርሳሉ። «እትዬ ኮላ! እትዬ ኮላ!» ስሙም ተጣብቆ ቀረ። ሁለቱ ወር አለቀ፤ መጻሕፍቱ ግን አላለቁም። እሷ አንዱን ሰፍታ ሳትጨርስ ልጆቹ ሌላውን አንብበው አንብበው ይገነጥሉታል። ዳይሬክተሩ «ይሄ ሥራ መቼ ነው የሚያልቀው?» ቢሏት፣ «ልጆቹ ማንበብ ያቆሙ ዕለት» አለቻቸው። ከዚያ ወዲህ የጠየቃት የለም። ላይብረሪውንም ጠቅልለው ለሷ ሰጧት።

ላይብረሪውን ተረክባ የሠራችው ትልቁ ነገር ታዲያ መጽሐፍ አይደለም፤ ሰሌዳ ነው። እሷ ከመምጣቷ በፊት የክፍሎች ጉብኝት የሚባለው ነገር ወግ አልነበረውም። አስተማሪው ጉሮሮው የደረቀ ቀን ልጆቹን ሰብስቦ ያመጣል፤ የጎረቤት ክፍል አስተማሪዋም እንዲሁ። ሁለት ክፍል ባንድ በር ሲጋፋ ዘጠና ልጅ፣ ሃምሳ ወንበር። አንዱ ክፍል በሳምንት ሦስቴ ሲመላለስ ሌላው ወር ሙሉ ደጁን ሳይረግጥ ይከርማል።

እትዬ ኮላ ከማተሚያ ቤት ይዛው የመጣችው አረንጓዴ የጥራዝ ጨርቅ ነበራት። ወፍራም ካርቶን ላይ ወጠረችውና ሃያ ኪስ ሰፋችበት። ወደ ጎን አምስት፣ ለአምስቱ ቀን፤ ወደ ታች አራት፣ ከምሳ በፊት ላሉት አራት ክፍለ ጊዜዎች። ከምሳ በኋላ ክፍሉ የሥዕል አስተማሪው ነው፤ ቀለሙንና ባልዲውን ይዞ ይገባል፣ እሷም ጥጓን ይዛ ትሰፋለች። ትምህርት ቤቱ ደግሞ ያለው ሃያ ክፍል ነው፤ ከአንደኛ እስከ አምስተኛ፣ እያንዳንዱ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ። ሃያ ኪስ፣ ሃያ ካርድ። ልክክ አለ። እያንዳንዱ ክፍል በሳምንት አንድ ቀን ይመጣል፤ ያነባል፣ ልጁ ሁሉ የሚወስደውን በየራሱ የውሰት ካርድ ያስጽፋል፣ ይሄዳል። ሰሌዳው ከተሰቀለ ወዲህ በር ላይ የተጋፋ የለም።

ያም ሆኖ ኪስ ሁሉ እኩል አይደለም። ረቡዕ ሦስተኛዋ ኪስ እንደ ዓይን ብሌን ነው የምትታየው። ልጆቹ ከዕረፍት ተመልሰው፣ ሩጫው ወጥቶላቸው፣ ረጋ ብለው የሚያነቡባት ናት። የሰኞዋ የመጀመሪያ ኪስ ግን ሌላ ናት። ሰኞ ጠዋት ሰልፍ አለ። ሰልፉ ላይ ደግሞ ዳይሬክተሩ ይናገራሉ።

ዳይሬክተሩ ደግ ሰው ናቸው፤ ክፉ ቃል አይወጣቸውም። ብቻ ንግግራቸውን «ባጭሩ» ብለው ይጀምራሉ። ይህን ሲሉ አስተማሪዎቹ ሁሉ ክብደታቸውን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ያዛውራሉ። ለሁለተኛ ጊዜ «ባጭሩ» ሲሉ ገና መግቢያውን መጨረሳቸው ነው። ስለ ንጽሕና ይናገራሉ፣ ስለ አጥሩ ይናገራሉ፣ ሰዓት ስለማክበር ይናገራሉ፤ ሰዓት ስለማክበር የሚናገሩ ዕለት ደግሞ ከሁሉም ይረዝማል። ደወል የሚመቱት ዘበኛ መምቻውን እንደያዙ ቆመው፣ «የኔስ ክንድ ዛለ፤ አንድ ቀን ይሄ ሰውዬ ሳይጨርስ እዚሁ እንቅልፍ ይወስደኛል» ይላሉ። ከአስተማሪ እስከ ተማሪ፣ ከኋላቸው ሲሆን «ባጭሩ» ነው የሚላቸው። ስለዚህ የሰኞ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ በወረቀት አርባ ደቂቃ ቢሆንም ሲገኝ አሥር ነው፤ ሲታጣ ባዶ።

በዚህ የተነሳ ኪሱ የሚከፋፈለው በዕጣ ነው። ዓመቱ ሲጀመር ካርዶቹ የጫማ ሣጥን ውስጥ ይገባሉ፤ እትዬ ኮላ ሣጥኑን ትይዛለች፣ የኪሶቹን ስም በተራ ትጠራለች፣ አስተማሪዎቹ እየተነሱ ያወጣሉ። ሰኞ የመጀመሪያዋ የደረሰችበት ፊቱ ይጨማደዳል፤ የቀሩት «የዘንድሮው ሰማዕት!» እያሉ ያጨበጭቡለታል።

ዘንድሮ ግን ጭብጨባው ለእትዬ ኮላ ሆነ። የመጨረሻ ልጇ፣ ቤት ውስጥ ጩጬ የሚሏት የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ እስከ ሁለተኛ ክፍል አያቷ ዘንድ ተምራ ዘንድሮ ወደ እናቷ ትምህርት ቤት ተዛወረች፤ ሦስተኛ ለ። ዕጣው ሊወጣ ሲል እትዬ ኮላ የሦስተኛ ለን ካርድ ከሣጥኑ ፈልጋ አወጣችና ሁሉም እያዩ የሰኞ የመጀመሪያዋ ኪስ ውስጥ ከተተችው።

«ምነው እትዬ ኮላ? ያለ ዕጣ?» አለች የሁለተኛ ሐ አስተማሪ።

«ልጄ ያለችበት ክፍል ነው። ጥሩ ኪስ ቢደርሰው ነገ ‹ሣጥኑን የያዘችው እሷ› ልትሉ ነው። ሐሜት ከምሰማ ሰኞን ብሸከም ይሻለኛል።»

«እንዲህ ነው እንጂ ሰው!»

አጨበጨቡ። አብልጦ ያጨበጨበው የአምስተኛ ሀ አስተማሪ ነው፤ ድምፁ ትልቅ፣ ልጆቹን እንደ ወታደር የሚያሰልፍ፣ «ሻምበል» የሚሉት። ዕጣው ሲወጣ ደግሞ ረቡዕ ሦስተኛዋ ለሱ ደረሰችው፤ ደስታው አላስቀምጠው አለ። የሦስተኛ ለ አስተማሪ በዚያው ሳምንት የተቀጠረች ለጋ ልጅ ነበረች። ሰኞ ምን ማለት እንደሆነ ስለማታውቅ ከሰው ጋር አብራ አጨበጨበች።

እትዬ ኮላ ያን ቀን አንገቷን ቀና አድርጋ ወደ ቤቷ ገባች። ስሟ ንጹሕ ነው። ሰኞን ተሸክማለች። በርግጥ የተሸከሙት አርባ አምስት ልጆች ናቸው፤ ይሄ ግን ያኔ አልታያትም።

ሰኞ ሲመጣ ሦስተኛ ለዎች እያለከለኩ ይደርሳሉ። ይቀመጣሉ፣ መጽሐፍ ይመርጣሉ፣ ሥዕሉን ገለጥ ገለጥ ሲያደርጉ ደወሉ ይደወላል። አርባ አምስት ካርድ ለመጻፍ ጊዜ የለም። «በሉ፣ የሰኞ ሰው ይበለን፤ በሚቀጥለው ትወስዳላችሁ» ትላቸዋለች። በሚቀጥለውም እንዲሁ። ንግግሩ የባሰ የረዘመ ሰኞ ጭራሽ አይመጡም። እሷም ወዲያው ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ የሚገባውን ክፍል ስትቀበል ትረሳቸዋለች። ጩጬ እንደ ሌሎቹ ልጆች «እትዬ» ብላ ትጠራታለች፤ ትምህርት ቤት ውስጥ «እማ» የለም፤ የሁለቱ ስምምነት ነው። ከተራ ውጭ መጽሐፍ ማዋስም የለም።

የመጀመሪያው መንፈቅ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ አንድ ማክሰኞ፣ ዳይሬክተሩ ብቅ አሉ።

«እትዬ ኮላ፣ ባጭሩ ነው የምነግርሽ።»

እትዬ ኮላ ወስፌዋን አስቀመጠች።

ልጆች መብዛታቸውን፣ ወላጆች መመላለሳቸውን፣ ባዶ የነበረው ዕቃ ቤት መጠረጉን፣ ለመጥረጉ ስንት ቀን እንደፈጀ ነገሯት። በመጨረሻ ወደ ነገሩ መጡ፤ በሚቀጥለው መንፈቅ ሃያ አንደኛ ክፍል ይከፈታል፣ አንደኛ ሠ።

«እነሱም እንደ እኩዮቻቸው ላይብረሪ መምጣት አለባቸው።»

«ኪሱ እኮ ሃያ ነው፣ ጌታዬ።»

«እሱን አውቃለሁ። አንድ ክፍል ይወጣል። የውሰት ካርዶቹን ቁጠሪ። ከሁሉ ያነሰ የወሰደው ክፍል ቦታውን ለአንደኛ ሠ ይልቀቅ። የማያነብ ክፍል ኪስ ይዞ ምን ይሠራል? ዓርብ ስብሰባ ላይ ታቀርቢያለሽ። ፍትሐዊ አይደለም?»

«ፍትሐዊ ነው» አለች። እስክትቆጥር ድረስ እንዲያ መስሏት ነበር።

ከምሳ በኋላ የሥዕል አስተማሪው ልጆቹን ዛፍ ሲያስላቸው እሷ ጥጓን ይዛ መሳቢያዎቹን እየሳበች ቆጠረች። ሁለተኛ ለ፣ መቶ ሠላሳ አንድ። አምስተኛ ሀ፣ ሁለት መቶ አርባ፤ ሻምበል ቀልድ አያውቅም። አራተኛ መ፣ ዘጠና ስምንት። «እናንተ ሰነፎች፣ እናንተ ናችሁ የምትወጡት» አለች በሆዷ፤ አዘነችላቸውም። ከዚያ የሦስተኛ ለን መሳቢያ ሳበች።

ስድስት።

እንደገና ቆጠረች። ለአርባ አምስት ልጅ ስድስት መስመር። የቀሩት ካርዶች እንደተቆረጡበት ቀን ንጹሕ ናቸው። ስድስቱም የተጻፉት በአንድ ቀን ነው፤ ቀኑን ስታይ ትዝ አላት። ዳይሬክተሩ ጉንፋን ይዟቸው፣ ድምፃቸው ተዘግቶ፣ በእጃቸው ብቻ «ግቡ» ብለው ልጆቹን ያሰናበቱበት ሰኞ ነበር። ያን ዕለት እንኳ አስተማሪዋ ታማ ስለቀረች ልጆቹ ሲጯጯሁ ነበር ጊዜው ያለቀው። ከካርዶቹ ሥር የጩጬ ካርድ ወጣ። ከላይ ስሟ ተጽፏል፤ በእናቷ እጅ፣ አሳምሮ። ከስሙ በታች ባዶ።

እትዬ ኮላ መሳቢያውን ዘጋች። ዝም ብትል ሦስተኛ ለ ይወጣል፤ ከዚህ በኋላ አሥር ደቂቃዋም የለችም። ብትናገር ደግሞ «ነገሩ ገባን፣ ለልጇ ነው» ይሏታል። በዓመቱ መጀመሪያ አንድ ቃል እንዳይወጣባት ብላ ያጠረችው አጥር ዞሮ እሷኑ ከበባት።

ትምህርት ሲያልቅ የሦስተኛ ለን አስተማሪ ኮሪደር ላይ ያዘቻት።

«ቲቸር፣ ልጆችሽ መጽሐፍ ሳይወስዱ መንፈቅ ሲያልፍ ለምን አልነገርሽኝም?»

ልጅቷ ደነገጠች። «እትዬ፣ ሁሉም ክፍል አሥር አሥር ደቂቃ መስሎኝ!»

እትዬ ኮላ እጇን ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተች።

«እኔማ» አለች አስተማሪዋ፣ «ልጅዎ እያለች ምን ቸገረን ብዬ ነው። በዕረፍት ሰዓት ተረት ትነግራቸዋለች። ግን ይገርማል፣ ሁልጊዜ ከመሐል ነው የምትጀምረው። መጨረሻውንም አታውቀውም። ልጆቹ መጀመሪያውን ከራሳቸው ይፈጥሩላታል፤ ‹የለም፣ እንዲህ ነበር የሆነው› እየተባባሉ ይጣሉበታል። ክፍሉ ሁለት ጎራ ሆኗል እኮ!»

ሳቀች። እትዬ ኮላ ግን አልሳቀችም፤ ነገሩ ገብቷታልና። ከሥራ ስትወጣ ያልጨረሰችውን ጥገና ይዛ ትገባለች። መጽሐፉን ሁሉ አትይዝም፤ ይከብዳል። ከጥራዙ የወለቀውን እጥፋት ብቻ ነው የምትወስደው፤ አሥራ ስድስት ገጽ፣ ሃያ ገጽ። ጩጬ የምታነበው እሱን ነው።

የዚያን ቀን አመሻሹ ላይ እትዬ ኮላ ስትገባ ጩጬ ምንጣፉ ላይ በሆዷ ተኝታ፣ እግሯን ወደ ላይ ሰቅላ፣ ሁለት ሳምንት ቤት የከረመውን እጥፋት ለሦስተኛ ጊዜ ታነባለች። ከገጽ ሠላሳ ሦስት እስከ አርባ ስምንት። ስለ አንዲት ጀልባ ነው።

«እማ፣ ጀልባዋን ማን ነው የሸነቆራት?»

«እኔ ምን አውቄ።»

«የምትሰፊው አንቺ አይደለሽ እንዴ!»

«የሰፋሁትን ሁሉ ባነብ መቼ እሰፋለሁ?»

«እዚህ ላይ ውኃ እየገባባት ነው። ሽማግሌው ‹ማን እንደሸነቆራት አውቃለሁ› ይላል፤ ከዚያ ገጹ አለቀ።» ልጅቷ ፊቷን ወደ እናቷ አዞረች። «ሰኞ ስንመጣ ልፈልገው ብዬ ነበር። መደርደሪያው ጋ ስደርስ ተደወለ። ያለፈው ሰኞም ተደወለ።»

አላማረረችም። ዝናብ ዘነበ እንደሚል ሰው ነው የተናገረችው።

ባለቤቷ የረጅም መንገድ አውቶቡስ ሾፌር ነው። እራት ላይ ነገሩን ከሥሩ ነገረችው፤ ሰሌዳውን፣ ስድስቱን መስመር፣ አንደኛ ሠን። እየበላ ሰማት። ሲጨርስ ውኃውን ጠጣና፣

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ አትቆጪ» አላት።

«እንግዲህ ልቆጣ ነው ማለት ነው። ጠይቅ።»

«እኔ አውቶቡስ ውስጥ አንድ ወንበር ቢጎድልና ‹እሷማ ሚስቴ ናት፣ ሰው እንዳያማኝ እስከ መጨረሻው ትቁም› ብልሽ ምን ትይኛለሽ?»

«ወርጄ በእግሬ እሄዳለሁ።»

ጩጬ ሳቋ አፈተለከ። እትዬ ኮላም ሳትወድ ሳቀች። ከዚያ ወደ ባሏ ዞረች።

«ቆይ፣ እውነት ወንበር ሲጎድል ምንድን ነው የምታደርጉት?»

«ምን እናደርጋለን! ሰው አይወርድ። እየተፈራረቁ ይቆማሉ። አንዱ ትንሽ ይቆማል፣ ከዚያ ሌላው ይነሳለታል። ቆሞ የቆየውን ደግሞ መስኮት አጠገብ ያስቀምጡታል፤ አየር ይምታው ብለው። እኔ መሪዬን ነው የምይዘው፤ እነሱ ራሳቸው ይስማማሉ።»

እትዬ ኮላ ሳህኑን አላነሳችም። ከጩጬ ደብተር አንድ ወረቀት ገነጠለች፤ ልጅቷ «እማ! አንቺ ራስሽ ትገነጥያለሽ እንዴ!» ብትላትም አልሰማቻትም። ሃያ ሳጥን አሠመረች።

ዓርብ፣ ልጆቹ ከሄዱ በኋላ፣ አስተማሪዎች ሁሉ የመምህራን ክፍል ውስጥ ተሰበሰቡ። ግማሾቹ የልጆች ደብተር ጭናቸው ላይ ዘርግተው ያርማሉ። ዳይሬክተሩ ባጭሩ ከፈቱት፤ ሦስት ክፍል ደብተር ታርሞ አለቀ። ከዚያ፣

«እትዬ ኮላ፣ ማን ነው ያነሰው?» አሏት።

ተነሳች። አረንጓዴውን ሰሌዳ ከግድግዳው አውርዳ ይዛው መጥታለች።

«ሦስተኛ ለ። ስድስት መስመር።»

አንዳንዱ አቀረቀረ። የሦስተኛ ለ አስተማሪ ፊቷ ቀላ።

«የልጅሽ ክፍል?» አለ ሻምበል።

«አዎ፣ የልጄ ክፍል። ግን መውጣት የለበትም።»

«ኧረ?» ሻምበል ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ። «ሌላ ክፍል ቢሆን እንዲህ ትቆሚ ነበር ወይ? አትቀየሚኝ፣ እትዬ ኮላ፤ ልብ ለልብ እናውራ ብዬ ነው።»

እትዬ ኮላ ይሄን ጥያቄ ሦስት ቀን ስትጠብቀው ነበር። ሲመጣ ግን ያሰበችውን ያህል አልከበዳትም።

«ሌላ ክፍል ቢሆን እዚህ ባልደረሰ ነበር» አለች። «ሌላ ክፍል ቢሆን ካርዱ ሣጥን ውስጥ ይገባ ነበር። እኔ ግን እንዳልታማ ብዬ ያለ ዕጣ ሰኞ ላይ ከተትኩት። አጨበጨባችሁልኝ። ጭብጨባውን እኔ ወሰድኩ፣ ሰኞን ልጆቹ ተሸከሙ። አርባ አምስቱም የኔ ልጆች አይደሉም፤ አንዷ ብቻ ናት የኔ። ለሷ አዳላች በሉኝ፤ ግድ የለም። ብቻ የቀሩት አርባ አራቱ በኔ ስም አይቀጡ።»

ደብተር የሚያርም አልነበረም።

«ሰኞ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ግን ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚፈራው?» አሉ ዳይሬክተሩ፣ ከልባቸው ገርሟቸው።

ሁሉም ጣሪያ ጣሪያውን አየ። ሻምበል እንኳ፣ ያ ትልቅ ድምፅ ያለው ሰው፣ የእስክሪብቶውን ክዳን መፈተሽ ያዘ። የተናገረችው የሦስተኛ ለ አስተማሪ ናት። እሷ ገና ልማዱን አልለመደችም።

«ሰልፉ ስለሚረዝም ነው» አለች። «ልጆቹ እንደነገሩኝ ስድስቱንም የወሰዱት እርስዎ ድምፅዎ የተዘጋ ሰኞ ነው፣ ጌታዬ።»

ዳይሬክተሩ አፋቸውን ከፈቱ፣ ዘጉት፣ ደግመው ከፈቱት።

«ለካ» አሉ በመጨረሻ፣ «ከኔ ንግግር ይልቅ ያስተማረው ጉንፋኔ ነው።»

መጀመሪያ የሳቁት እሳቸው ናቸው። ከዚያ ማን ይያዝ! የሁለተኛ ሐ አስተማሪ እንባዋን እስክትጠርግ ሳቀች።

ሳቁ ሲበርድ እትዬ ኮላ ሰሌዳውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ አሳየቻቸው። ማንም አይወጣም። ሃያ አንድ ካርድ፣ ሃያ ኪስ። ዓርብ ዓርብ ካርዱ ሁሉ አንድ ኪስ ወደፊት ይገፋል፤ የዓርብ አራተኛው ዞሮ ሰኞ መጀመሪያ ይገባል። እያንዳንዱ ክፍል በዙሩ አንድ ጊዜ ብቻ ሰኞን ይቀምሳል። የሚተርፈው ሃያ አንደኛ ካርድ ደግሞ፣ ከረቡዕ ሁለተኛ የወጣው፣ አንድ ሳምንት በእሷ ሽርጥ ኪስ ውስጥ ያርፋል።

«ያረፈው ይከፋዋል እኮ» አለች የሁለተኛ ሐ አስተማሪ።

«ካረፈ በኋላ የሚገባው ረቡዕ ሦስተኛ ነው። መስኮት አጠገብ።»

«የምን መስኮት?»

«ተይው፣ የቤት ጉዳይ ነው።»

ሻምበል ራሱን ነቀነቀ። «በየሳምንቱ ቀን ሲለዋወጥ ማን ያስታውሳል? እኔ የሚስቴን ልደት የማላስታውስ ሰው የላይብረሪ ቀን ልይዝ?»

«አንተ አትይዝም፤ ልጆቹ ይይዙልሃል። ዓርብ ዓርብ በየክፍሉ በር ዞሬ እነግራቸዋለሁ።»

«ሃያ አንድ በር?»

«ሃያ አንድ በር። እግሬ ይጠና እንጂ።»

ሻምበል ሰሌዳውን፣ ረቡዕ ሦስተኛዋን ኪስ፣ ለረጅም ጊዜ አያት። ከዚያ እጁን ዘረጋ። «በይ ሣጥኑን አምጪው። ሁሉም ይግባበት፣ ልጅሽም ጭምር።»

አዲስ ዕጣ ወጣ። ሦስተኛ ለ ሐሙስ ሁለተኛ ደረሰው። ሰኞ የመጀመሪያዋ ስትጠራ እጁን የሰደደው ሻምበል ነበር፤ ያወጣው የራሱን ካርድ ሆነ። ጭብጨባው እስከ ግቢው በር ተሰማ።

አዲሱ መንፈቅ በጀመረበት ሰኞ ሻምበል አምስተኛ ሀን ከላይብረሪው በር ፊት ለፊት አሰለፈ፤ ልጆቹ አንድ እርምጃ ቢራመዱ ውስጥ ናቸው። ዳይሬክተሩ «ባጭሩ» ሲሉ ሻምበል እጅጌውን ሰብስቦ ሰዓቱን አየ። «ባጭሩ» ለሁለተኛ ጊዜ ሲሉ አርባ ምናምን ልጅ ባንድነት ባዶ የእጅ አንጓውን አየ። ዳይሬክተሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ «እና... መልካም መንፈቅ» ብለው ወረዱ። ስምንት ደቂቃ! ዘበኛው እንዲህ ያለ ነገር ስላልጠበቁ ደወሉ አጠገብ አልነበሩም፤ እየሮጡ መጥተው መቱት።

ሐሙስ በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ሦስተኛ ለ መጣ። አላለከለኩም። ገቡ፣ ተቀመጡ፣ መጽሐፍ አንሥተው ገለጡ። እትዬ ኮላ ሰዓቱን አላየችም ነበር። ልክ አሥር ደቂቃ ሲሆን ግን ልጆቹ፣ ማንም ሳይነግራቸው፣ አንድ በአንድ መጻሕፍቱን አጥፈው ወደ መደርደሪያው መልሰው በር ላይ ተሰለፉ። እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው ቆሙ።

አስተማሪዋና እትዬ ኮላ ተያዩ።

«ልጆች፣ የት ልትሄዱ ነው?» አለች እትዬ ኮላ። «ተመለሱ። ገና ሠላሳ ደቂቃ አላችሁ።»

አንድ ጥርሱ የወለቀ ልጅ፣ «ሠላሳ ሙሉ?» አለ።

«ሠላሳ ሙሉ።»

ያኔ በሆነው ግርግር ደወልም ቢመታ አይሰማም። እሷም ለአንድ ቀን ዝም በሉ አላለቻቸውም።

ጩጬ መደርደሪያውን ከላይ እስከ ታች ፈለገች። የፈለገችውን ያወቀችው በሽፋኑ አይደለም፤ በክሩ ነው። እናቷ ነጭ ክር አልቆባት ስፌቱን በአረንጓዴ የጨረሰችው ነበር። ይዛው መጥታ ሰልፉ መጨረሻ ላይ ቆመች። ተራዋ ሲደርስ መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ስም?» አለች እትዬ ኮላ፣ ሁሉንም እንደጠየቀችው።

«እትዬ፣ ታውቂዋለሽ እኮ» አለች ጩጬ በሹክሹክታ።

«ስም?»

ነገረቻት። እናትየው ንጹሑን ካርድ አወጣች። የመጀመሪያው መስመር ላይ የመጽሐፉን ስምና ቀኑን በርጋታ ጻፈች።

ያን ቀን ቤት ውስጥ ማንም ጩጬን ማናገር አልቻለም። እራት ተጠርታ በሦስተኛው መጣች። መጽሐፉን ስትዘጋው ረጅም ትንፋሽ ለቀቀች፤ ከዚያ ለራሷ ፈገግ አለች። እትዬ ኮላ መርፌዋን አስቀመጠች።

«ታዲያ ማን ነው የሸነቆራት?»

«አልነግርሽም።»

«እንዴት አትነግሪኝም? የሰፋሁት እኔ!»

«የሰፋሽውን አንብቢያ! ካርድ ይኑርሽና ወስደሽ አንብቢው። ግን ተራ አለ።» ጣቷን እየቆጠረች ጠራች፤ ጥርሱ የወለቀው ልጅ፣ ጎኗ የምትቀመጠው፣ መንትዮቹ፣ «ጎርፉ ነው የሸነቆራት» ብሎ ሲከራከር የነበረው፣ ሌሎችም። «ስምንተኛ ነሽ እማ።»

አባትየው ከወዲያ ማዶ፣ «ቁሚ እንግዲህ፤ መስኮት አጠገብ ትቀመጫለሽ» አላት።

በማግስቱ ዓርብ ነበር። እትዬ ኮላ ካርዶቹን አንድ አንድ ኪስ ወደፊት ገፋች፤ ያረፈውን ካርድ ከሽርጧ አውጥታ ረቡዕ ሦስተኛ ላይ አስገባች፤ ሦስተኛ ለ ወደ ሐሙስ ሦስተኛ አለፈ። ከዚያ ሃያ አንዱን በር ልትዞር ከመውጣቷ በፊት መሳቢያውን ሳበች። ዘጠኝ ዓመት እዚህ ቤት ስትኖር ለራሷ ካርድ አውጥታ አታውቅም። አንድ ባዶ ካርድ አነሣችና ከላይ ስሟን ጻፈች። አየችው። ልጆቹ ማን እንደሆነ እንዲያውቁት ከጎኑ በቅንፍ «እትዬ ኮላ» ጨመረችበትና፣ የጀልባዋን መጽሐፍ ከሚጠብቁት የሰባቱ ልጆች ካርድ ኋላ ስምንተኛ አድርጋ አስቀመጠችው።